ለሁለት ሰው የፈረንሳይ ዓይነት የሳልመን እራት፦ አራቱ አሠራሮች ሲነጻጸሩ

ለስድስት ሰው ሲበሰል አብሳዩ ወጥ ቤት ቢቆይም ጨዋታው አይቋረጥም፤ እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ። ለሁለት ሰው ሲሆን ግን አንዱ በተነሣ ቁጥር ሌላው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የጋብቻ ቀንም ይሁን ልደት፣ ቤትዎ ውስጥ የፈረንሳይ ዓይነት የሳልመን እራት ለመሥራት ካሰቡ አሠራሩን ከመምረጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ዓሣው ከመቅረቡ በፊት ባሉት 10 ደቂቃዎች የት መሆን ይፈልጋሉ? ምድጃው አጠገብ ወይስ ገበታው ላይ? ከዚህ በታች ያሉት አራቱም አሠራሮች በአግባቡ ከተሠሩ ይጣፍጣሉ። ትልቁ ልዩነታቸው አብሳዩን ስንት ደቂቃ ከገበታው እንደሚያርቁት ነው፤ እኔም የማወዳድራቸው በዚህ ነው።

ዓሣውን መምረጥ

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው በኖርዌይ፣ በስኮትላንድና በቺሊ የሚረባው የአትላንቲክ ሳልመን ነው። ስብ ስላለው አንድ ሁለት ደቂቃ ቢያልፍበትም ቶሎ አይደርቅም። ከአላስካና ከፓስፊክ ዳርቻ የሚመጣው ሶካይ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከባሕር የተጠመደ፣ ቀለሙ ደማቅ ቀይ፣ ጣዕሙ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ስቡ አነስተኛ ስለሆነ ምድጃ ላይ ጥቂት ዘንግተውት ቢመለሱ ይደርቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው የአትላንቲኩን ቢወስድ እመርጣለሁ። አውሮፓ ያላችሁ ላቤል ሩዥ የሚለውን ቀይ የፈረንሳይ የጥራት ምልክት ፈልጉ። የስኮትላንድ ሳልመን ይህን ምልክት ያገኘው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከፈረንሳይ ውጭ የተመረተ ምግብ ምልክቱን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሲገዙ ከጅራቱ በኩል ሳይሆን ከመሐሉ፣ ከወፍራሙ ቦታ ይቁረጡልኝ ይበሉ። ለአንድ ሰው ከ150 እስከ 180 ግራም፣ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፊሌቶ ከነቆዳው ይበቃል። ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ከነበረ ሥጋ መውጣት አለባቸው። አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ እኩል አይበስሉም፤ ለሁለት ሰው ሲቀርብ ደግሞ ይህ ወዲያው ያስታውቃል። ቤት ሲደርሱ ጣትዎን ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ እሾህ ይፈልጉ፣ ያገኙትንም ባዘነበለበት አቅጣጫ በወረንጦ ይንቀሉ።

አዲስ አበባ የሚገኘው በብዛት በረዶ የሆነው ነው፣ እሱም ቢሆን ያምራል። ከማታው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ። አየር በሌለው ፕላስቲክ ታሽጎ ከሆነ ከመሟሟቱ በፊት ፕላስቲኩን መክፈት ያስፈልጋል፤ አየር የማይገባበት ቦታ አደገኛ መርዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች እንዲራቡ ያመቻል።

ሳልመን ሲበስል ጎኑ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር ከሥጋው የሚፈስ ፕሮቲን ነው። ጉዳት የለውም፣ ግን ሳህኑን ያበላሻል። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 60 ግራም ያህል ጨው አሟሙተው ዓሣውን 15 ደቂቃ ቢዘፈዝፉት በጣም ይቀንሳል። ከዚያ በሶፍት በደንብ ያድርቁት፤ ጨው ጠጥቷልና ሌላ ጨው ሲጨምሩ ቆጠብ ይበሉ።

በወረቀት ተጠቅልሎ በኦቨን፦ ፓፒዮት

ከገበታው መራቅ የማይፈልግ፣ ወይም ዓሣ አብስሎ የማያውቅ ሰው በዚህ ይጀምር። ዓሣው በመጋገሪያ ወረቀት ውስጥ ተዘግቶ በራሱ እንፋሎት ይበስላል፣ እርስዎ ደግሞ 12 ደቂቃ ሙሉ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

ለእያንዳንዱ ሰው ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ወረቀት ያስፈልጋል። ሥሩ የሚነጠፈውን በቀጭኑ የተከተፈ ባሮ ሽንኩርትና ካሮት ቀድመው መጥበሻ ላይ ማለስለስ ግድ ነው። ዓሣው በ12 ደቂቃ ሲደርስ ጥሬ የገባ ካሮት አይደርስም፤ ብዙ ፓፒዮት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው የተገፈፈውን ዓሣ ከላይ ያድርጉ፣ አንድ ቁራጭ ሎሚ፣ ጥቂት የእንስላል ቅጠል፣ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት ወይም ነጭ ወይን ጠጅ ይጨምሩ፣ ወረቀቱን አጥፈው ጠርዙን እንደ ሳምቡሳ እየደራረቡ ይዝጉ። ኦቨኑ አስቀድሞ 200 ዲግሪ ይሙቅ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ለሆነው 12፣ ለ3 ሳንቲ ሜትሩ 14 ደቂቃ ይበቃል።

ወረቀቱ ተነፍቶ እንዳለ በየሳህኑ ይቀርብና እዚያው ገበታ ላይ በመቀስ ይከፈታል። የእንስላሉና የሎሚው ሽታ በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ይወጣል፤ ከአራቱ አሠራሮች እንዲህ ያለ አቀራረብ ያለው ይህ ብቻ ነው። ፎይልም ይሠራል፣ ግን ሎሚ አሉሚኒየምን ስለሚበላ ወረቀቱ ይሻላል። ጉድለቱ ደግሞ የሚንኮሻኮሽ ቆዳ አለመኖሩና ውስጡ ሳይታይ በሰዓት ብቻ መታመን ነው። ከኦቨን ከወጣም በኋላ እንፋሎቱ ማብሰሉን ስለማያቆም ቶሎ መከፈት አለበት።

ቅቤና ክሬም ሳይገባበት ሙሉ የሚሆነው ይኸው ፓፒዮት ነው። በጾም ወቅት ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለና አብሮዎት የሚበላውን ሰው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዓሣ ከተፈቀደ ከአራቱ ውስጥ ምንም ሳይቀነስለት የሚቀርበው ይህ ነው።

በቆዳው በኩል ብቻ የሚጠበሰው፦ ዩኒላቴራል

እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በብዙ ቢስትሮ (አነስተኛ ምግብ ቤት) የሚሠራ፣ ዓሣው አንድ ጊዜ በቆዳው ከተቀመጠ በኋላ ሳይገላበጥ የሚያልቅ አሠራር ነው። ሥሩ የሚንኮሻኮሽ፣ መሐሉ የበሰለ፣ ጫፉ ለስላሳና ለብ ያለ ይሆናል፤ ሦስት ዓይነት አበሳሰል በአንድ ጉርሻ ይገኛል።

ሁሉም ነገር ያለው ቆዳው ላይ ነው። እርጥበት ካለው ይጣበቃል እንጂ አይንኮሻኮሽም። በሶፍት ደጋግመው ያድርቁት፣ ከዚያ ሳይከድኑ ቆዳውን ወደ ላይ አድርገው ለ1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት። የማይዝ ወይም በደንብ የተሟሸ የብረት መጥበሻ መካከለኛ እሳት ላይ ጥደው አንድ ማንኪያ ዘይት ያሙቁ፣ ዓሣውን በቆዳው በኩል ያስቀምጡ፣ ወዲያው በማገላበጫ ለ30 ሰከንድ ያህል ጫን ያድርጉት፤ ቆዳ ሲሞቅ ይሰበሰባል፣ ካልተጫነ ጠርዙ ብቻ ነው መጥበሻውን የሚነካው። ከዚያ እሳቱን ቀንሰው ይተዉት። ላነሣው፣ ልየው አይበሉ። ቆዳው ሲደርስ ራሱ ከመጥበሻው ይላቀቃል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ማየት ብቻ ነው። ጎኑን ዝቅ ብለው ይመልከቱ፦ ከሥር ጀምሮ ጥቁር ሮዝ የነበረው ሥጋ እየነጣ ወደ ላይ ይወጣል። የነጣው መስመር ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ፣ ዓሣው ደርሷል። ቴርሞሜትር ካለዎት መሐሉ 50 ዲግሪ ሲሆን ያውጡት፤ ከወጣም በኋላ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ይጨምራል።

እዚህ ላይ አስቀድሞ መነጋገር ጥሩ ነው። ጥሬ ሥጋ በደስታ የሚበላ ብዙ ሰው ዓሣ ላይ ሲሆን ውስጡ ሮዝ የሆነውን አይፈልግም። እንዲህ ከሆነ መጥበሻውን እንዳለ 120 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ ለ3 ደቂቃ ያህል ያስገቡት፤ መክደን ግን ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ከሁለት አንዳችሁ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም የሰውነት መከላከያዋ የተዳከመ ከሆነ፣ የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መመሪያ የሚያዘው 63 ዲግሪ ነውና እስከዚያ ይብሰል። ያን ጊዜ ፓፒዮት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ የበሰለ ዓሣ በእንፋሎት ውስጥ እርጥበቱን ይበልጥ ይይዛል።

በጥያቄያችን ሲለካ ዩኒላቴራል መካከለኛ ነው። 10 ደቂቃ ምድጃው አጠገብ ያስቆምዎታል፣ እጅዎ ግን ነጻ ነው። ወጥ ቤቱና ሳሎኑ ተያይዞ የተሠራበት ቤት ከሆነ ጨዋታው ሳይቋረጥ ይሠራል። ወጥ ቤቱ ለብቻው ከሆነና መስኮት ከሌለው ግን የዓሣ ጥብስ ሽታ አልጋ ልብስ ድረስ ይገባል፤ ያን ጊዜ ወደ ፓፒዮት ይመለሱ።

ቅመም በገባበት ውኃ የሚበስለው፦ ኩር ቡዮን

1 ሊትር ውኃ፣ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ጠጅ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጦስኝ፣ የሎረል ቅጠል፣ ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬና ጨው ለ25 ደቂቃ ይንተከተኩ። ከዚያ እሳቱ ይቀነስና ውኃው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ሲሆን፣ ማለትም እየተነነ ነገር ግን ሳይፈላ፣ ዓሣው ገብቶ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል። ከፈላ ሥጋው ይበታተናል።

ትኩሱ ለእኔ ከአራቱ ደካማው ነው፤ ቀለሙ ይገረጣል፣ ቆዳው ይጣላል። ቀዝቅዞ ሲቀርብ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል። ጧት አብስለው ፍሪጅ ያስገቡታል፣ ማታ በማዮኔዝ፣ በቀጭኑ በተከተፈ ኪያርና በእንስላል ይቀርባል፤ ከመቅረቡ በፊት ያሉት 10 ደቂቃዎች ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ናቸው። ዱባይና ሪያድ ላላችሁ፣ ኦቨን ማብራት በሚያስጠላበት የበጋ ምሽት፣ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

የሮአን ወንድማማቾች ሳልመን በሶሬል

በሎዋር አውራጃ ሮአን በምትባል ከተማ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የነበረውን የቤተሰብ ምግብ ቤት የተረከቡት ዣንና ፒየር ትሯግሮ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንድ ምግብ አወጡ። ሳልመኑን በቀጭኑ ይቆርጡና በማይዝ መጥበሻ ላይ በሰከንዶች ብቻ ያበስሉታል። ሶሱን ደግሞ እንደ ወትሮው ከላይ አያፈሱም፣ ሳህኑ ላይ ያነጥፉትና ዓሣውን በላዩ ያስቀምጣሉ። ዛሬ የትም ቦታ የምናየው ሶስ ከሥር፣ ዓሣ ከላይ የሆነ አቀራረብ እንዲስፋፋ ይህ ምግብ ትልቅ ድርሻ አለው። ምግብ ቤቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ሦስተኛውን የሚሽላን ኮከብ (ለምግብ ቤቶች የሚሰጥ ከፍተኛ የጥራት ደረጃ) አገኘ፣ የሮአን ባቡር ጣቢያም ለዚህ ምግብ ክብር በሳልመንና በሶሬል ቀለም፣ በሮዝና በአረንጓዴ ተቀብቷል።

ሶሬል ጎምዛዛ ቅጠል ነው፤ የእኛ እምቧጮና መቅመቆ የዚሁ ወገን ናቸው። የስብ ብዛት ያለውን ክሬምና ሳልመን የሚያቃናው ይህ ጉምዛዜ ነው። ሶሱ የሚሠራው ሻሎት (ትንሽ የሽንኩርት ዓይነት)፣ ነጭ ወይን ጠጅ፣ ደረቅ ቬርሙት (በቅመም የተዘጋጀ ወይን ጠጅ) እና የዓሣ አጥንት መረቅ እስኪወፍሩ ፈልተው፣ ክሬም ተጨምሮ፣ መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ለጥቂት ሰከንድ ገብቶ ነው። ቅጠሉ ትኩስ ሲነካው ወደ ወይራ ቀለም ይለወጣል፤ ባሕርዩ ነው። አሉሚኒየም ድስት ግን አይጠቀሙ፣ ጎምዛዛው ከብረቱ ጋር ይጣላል። ሶሬል ካላገኙ ስፒናች ከሎሚ ጋር ይቀራረባል፣ አንድ ዓይነት ግን አይሆንም።

ቤት ውስጥ ይመከራል ወይ? ሶሱ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ዓሣው ደግሞ 1 ደቂቃ አይፈጅም፤ ስለዚህ በሐሳብ ደረጃ ሲታይ ከሁሉም ፈጣኑ ነው። ችግሩ ያ 1 ደቂቃ ነው። በእኩል ውፍረት በቀጭኑ ለመቁረጥ ትልቅ ቁራጭና በጣም የተሳለ ቢላዋ ይጠይቃል፣ ሳህኖቹ መሞቅ አለባቸው፣ 20 ሰከንድ ማለፉ ዓሣውን ያደርቀዋል። ወጥ ቤት ላይ እጁ የተፈታ ሰው ይሞክረው። ለሌላው ሰው ሶሱን ብቻ ወስዶ በዩኒላቴራል ሥር ማንጠፍ ብልህነት ነው፤ ብዙም አይጎድልበትም።

ሶስ፦ ከዓሣው ይልቅ ምሽቱን የሚወስነው

ከሶሬሉ ሌላ ለሳልመን ሁለት ታላላቅ የቅቤ ሶሶች አሉ። ሆላንዴዝ የእንቁላል አስኳል ስለሚገባበት ለሁለት ሰው በትንሹ መምታት ያስቸግራል፤ እዚህ እተወዋለሁ። ቤር ብላን ይበልጠዋል። ከናንት ከተማ አጠገብ በሎዋር ወንዝ ዳር ምግብ ቤት የነበራት ክሌማንስ ለፌቭር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ ፈጠረችው ይነገራል። መጀመሪያ የቀረበውም ነጭ ሥጋ ላላቸው የወንዝ ዓሣዎች ነበር። ሳልመን ያላገኘ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሶስ ከናይል ፐርች ጋር ቢያቀርበው የድሮውን አሠራር ጠበቀ እንጂ አላበላሸም።

ለሁለት ሰው 2 ሻሎት በጣም ደቅቆ ይከተፍ፤ ትንንሹ የሐበሻ ሽንኩርት ከሻሎት ወገን ስለሆነ በሚገባ ይተካዋል። በ80 ሚሊ ሊትር ነጭ ወይን ጠጅና በ2 ማንኪያ ነጭ አቼቶ ይፍላ፣ ፈሳሹ ተመጥጦ 2 ማንኪያ ያህል እስኪቀር። አንድ ማንኪያ ክሬም ይጨምሩ፤ የናንት ሰዎች አይወዱትም፣ ነገር ግን ሶሱን ከመለያየት ያድነዋል። ከዚያ እሳቱ በጣም ዝቅ ብሎ 100 ግራም ከፍሪጅ የወጣ የገበታ ቅቤ አንድ አንድ ቁራጭ እየተጨመረ ይመታ። ወደ 60 ዲግሪ ከተጠጋ ይለያያል፣ ስለዚህ ድስቱን እጅዎ ሊነካው የሚችለው ሙቀት ላይ ያቆዩት። ቅቤው ቀልጦ እንደ ዘይት ካበራ ድስቱን ያውርዱ፣ አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምረው ይምቱ፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

ይህን ሶስ ለሁለት ሰው እራት የሚያስችለው ፔርሙስ ነው። በሙቅ ውኃ የተለቃለቀ፣ የቡና ሽታ የሌለው ትንሽ ፔርሙስ ውስጥ ገልብጠው ቢከድኑት እስከ 45 ደቂቃ ሳይለያይ ይቆያል። ያ አስጨናቂ የመጨረሻ ሰዓት መምታት በዚህ ይቀራል።

ወይን ጠጅ ለማይገባበት ቤት፦ ሲፈላ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ፈልቷል ብሎ ማለፍ አይበቃም። በቦታው ቀለል ያለ የአትክልት መረቅ፣ የሎሚ ጭማቂና ቁንጣሪ ስኳር ይግባ።

አጃቢውና መጠጡ

ብዙ አያብዙ። ከቤር ብላን ጋር የተቀቀለ ትንንሽ ድንች፣ ከሶሬል ጋር ምንም ያልተጨመረበት ሩዝ፣ ከፓፒዮት ጋር ፎሶሊያ ይበቃል። የሚንኮሻኮሸው ሳልመን ከለፑይ አረንጓዴ ምስር ጋር ፈረንሳይ ውስጥ የታወቀ ጥንድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ድንቹም ምስሩም በፈረንሳይ መመሪያ ከተጻፈው በላይ ይፈጃሉ፤ ቀድመው ይጣዱ። ወይን ጠጅ ከሆነ ሙስካዴ ለቤር ብላን፣ ሳንሴር ለሶሬል፣ ለሚንኮሻኮሸው ደግሞ ትንሽ የቀዘቀዘ ፒኖ ኗር ሳይቀር ይሄዳል። መጀመሪያ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ይሁን፦ ተቀቅሎ በአቼቶና በዘይት የተለወሰ ባሮ ሽንኩርት ከቀትር ጀምሮ ተሠርቶ ይጠብቃል።

ዩኒላቴራልና ቤር ብላንን ለመረጠ ሰው፣ ሰዓቱ

ዓሣው ከምሽቱ 2፡00 ሰዓት እንዲቀርብ ከሆነ፣ 12፡30 ላይ ከጨው ውኃ አውጥተው፣ አድርቀው ፍሪጅ ያስገቡት። 1፡00 ሰዓት ላይ ድንቹን ይጣዱ። 1፡15 ላይ ቤር ብላኑን ይምቱና ፔርሙስ ውስጥ ይክደኑት። 1፡25 ላይ ልብስዎን ቀይረው ይቀመጡና ቀዝቃዛውን ይብሉ፤ ማንም አይጠራዎትም። 1፡45 ሲሆን ሳህኖቹን ለማሞቅ ኦቨኑን 60 ዲግሪ ያብሩ፣ 1፡48 ላይ ዓሣውን መጥበሻ ላይ ያስቀምጡ፣ ብርጭቆዎን ይዘው አጠገቡ ይቁሙ፣ አብሮዎት ያለውንም ሰው ወደ ወጥ ቤቱ ይጥሩት። ሲደርስ ሶሱን መጀመሪያ ሳህኑ ላይ ያንጥፉ፣ ዓሣውን ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ በላዩ ያስቀምጡ። ቆዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሶስ እንዳይነካው፤ ከነካው ገበታው ጋ ሳይደርስ ይለሰልሳል።